8,616,460,799፦ አንድ ቁጥር፣ ስድስት የብስክሌት ካቴና

ሐምሌ 4

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ የፈተና ወረቀትም አርሜ ጨርሻለሁ። የክረምቱ ሥራ ይህ ነው፦ 8,616,460,799 የሚባለው ቁጥር የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ ማግኘት። በኮምፒውተር አይደለም፤ ከአሮጌ የብስክሌት ካቴና በሚሠራ ማሽን ነው።

ቁጥሩ የእንግሊዛዊው የኢኮኖሚና የሎጂክ ሊቅ የዊሊያም ስታንሊ ጄቮንስ ነው። በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ (የፈረንጆቹን ነገር የምጽፈው በእነርሱ አቆጣጠር ነው) አንባቢውን ይጠይቃል፦ ተባዝተው ይህን የሚሰጡት ሁለት ቁጥሮች የትኞቹ ናቸው? ከራሱ በቀር ማንም የሚያውቃቸው አይመስለኝም ብሎ ያልፋል። ማባዛት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ብዜቱን ይዞ ወደ ኋላ መመለስ ግን ዘመን ይፈጃል ማለቱ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤደልማን ዛሬ ባንኮች የሚጠቀሙበትን የምስጢር አጻጻፍ የመሠረቱት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ጄቮንስ በ1882 ሲዋኝ ሰጥሞ ሞተ። በ1889 ቻርልስ በስክ የተባለ ሰው ቁጥሩን ፈታው። በ1903 አሜሪካዊው ዴሪክ ኖርማን ሌመርም በእጁ አስልቶ ደረሰበት። የዚህ ሰው ልጅ ዴሪክ ሄንሪ ሌመር ደግሞ በ1926 በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ከብስክሌት ካቴና የቁጥር ወንፊት ሠራ። አባት ቁጥሩን፣ ልጅ ማሽኑን። የልጁን ማሽን በአባትየው ቁጥር ላይ ልሞክር ነው። መልሱ ተጽፎ እንደሚገኝ አውቃለሁ፤ ላለማየት ወስኛለሁ።

ብስክሌት ደግሞ ድሬዳዋ ውስጥ የሚጠፋ ዕቃ አይደለም።

ሐምሌ 6

ሒሳቡን በደብተር ጨረስሁ። መንገዱ የፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ የፌርማ ነው። የሁለት ጎዶሎ ቁጥሮች ብዜት ሁሉ የሁለት ካሬዎች ልዩነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ለምሳሌ 91 ማለት 100 ሲቀነስ 9 ነው፤ የ10 ካሬ ሲቀነስ የ3 ካሬ። ስለዚህ 10 ሲቀነስ 3 እና 10 ሲደመር 3፣ ማለትም 7 እና 13 ሲባዙ 91 ይሰጣሉ። እኔም የምፈልገው ሀ² − ለ² = 8,616,460,799 የሚያደርጉትን ሀ እና ለ ነው።

የቁጥሩ ስኩዌር ሩት 92,824.9 ገደማ ስለሆነ ሀ ከ92,825 ይጀምራል። ከዚያ በአንድ በአንድ እየጨመሩ መሄድ ነው። በየደረጃው የሀን ካሬ አስልቶ የጄቮንስን ቁጥር መቀነስና የተረፈው ሙሉ ካሬ መሆኑን መመርመር። ስንት ደረጃ እንደሚፈጅ አይታወቅም። ሁለቱ ቁጥሮች በተራራቁ መጠን መንገዱ ይረዝማል። ሰውየው እንዲያ በድፍረት ከተናገረ ብዙ ሺህ ደረጃ ይሆናል ብዬ ገምቻለሁ።

ካቴናው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ካሬ ቁጥር በ7 ሲካፈል ቀሪው 0፣ 1፣ 2 ወይም 4 ነው፤ 3፣ 5 ወይም 6 ፈጽሞ አይሆንም። የጄቮንስ ቁጥር በ7 ሲካፈል 2 ይተርፈዋል። እንግዲህ ከሀ² ላይ 2 ሲቀነስ የሚገኘው ቀሪ ከእነዚያ ከአራቱ አንዱ መሆን አለበት። ይህን የሚያሟላው በ7 ሲካፈል 2፣ 3፣ 4 ወይም 5 የሚተርፈው ሀ ብቻ ነው። ሌላው ሳይሰላ ይጣላል። እንዲህ እያልሁ ስድስት ወንፊት አዘጋጀሁ፦

በ4 ሲካፈል፦ 0 ብቻ። ይህ የመጣው ቁጥሩ በ8 ሲካፈል 7 ስለሚተርፈው ነው።
በ3፦ 0 ብቻ።
በ25፦ 0፣ 5፣ 7፣ 10፣ 15፣ 18፣ 20።
በ7፦ 2፣ 3፣ 4፣ 5።
በ11፦ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9፣ 10።
በ13፦ 1፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 12።

ለእያንዳንዱ አንድ ካቴና። በተፈቀደው ቦታ ላይ ብቻ ጎልቶ የወጣ ሚስማር አለ። ስድስቱም በአንድ ዘንግ ላይ ይዞራሉ፤ አንድ ጥርስ ሲያልፍ ሀ በ1 ይጨምራል። ስድስቱ ሚስማሮች በአንድ ጊዜ ከላይ ሲገናኙ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይዘጋና ይጮኻል። ስድስቱንም ወንፊት በአጋጣሚ የሚያልፈው በአማካይ ከ298 ቁጥር አንዱ ነው፤ በእጅ የማሰላው እርሱን ብቻ ይሆናል።

ሐምሌ 9

መጋላ ወደሚገኘው የብስክሌት ጠጋኝ ሄድሁ። ጋሼ ብስክሌቴን ሃያ ዓመት ያህል ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሥዕሉን አሳየኋቸው፤ ብዙ አዩት።

«መምህር፣ ጎማው የት አለ?»

«ጎማ የለውም ጋሼ። የትም አይሄድም።»

ዕቃውን ግን ሰጡኝ። ያገለገለ ካቴና ሦስት፣ እያንዳንዱ 112 አንጓ፣ በ200 ብር፦ 600 ብር። ባለ 18 ጥርስ የኋላ ፒኞን ስድስት፣ በ150 ብር፦ 900 ብር። ከፒኞኖቹ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ስለነበሩ ደንበኛ ከመጣ እመልሳለሁ የሚል ቃል አስገብተውኛል። የብረት ዘንግና ሁለት ኩሽኔት ከአንድ የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ 550 ብር። መቆሚያው ከአንግል ብረት ነው፣ ከብየዳው ጋር 1,100 ብር።

ከ7 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ብረት አያስነካም፤ በዚያ ላይ የጫት ሰዓት ስለሆነ የሚሠራ ሰው አይገኝም። ሥራዬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው።

ሐምሌ 12

የመጀመሪያው ስህተት። የ7ቱን ካቴና 49 አንጓ አድርጌ ቆረጥሁና ጫፍና ጫፉን ልገጥም ስል እምቢ አለ። ግማሽ ሰዓት ታገልሁት። ካቴና አንድ ጠባብ አንድ ሰፊ እየተፈራረቀ የሚሄድ ነው፤ ጠባቡ ሰፊው ውስጥ ይገባል። ጎዶሎ አንጓ ካለው ሁለቱም ጫፍ ጠባብ ወይም ሁለቱም ሰፊ ይሆንና አይጋባም። ብስክሌት ከያዝሁ ጀምሮ ካቴና ስገጥም ኖሬያለሁ፣ ይህን አስተውዬው አላውቅም። የሒሳብ መምህር ነኝ ደግሞ!

ስለዚህ ሁሉም ካቴና በ2 የሚካፈል ቁጥር አንጓ ይኑረው፤ የራሱ አካፋይ ደግሞ በእኩል ይክፈለው። የ4 እና የ3 እያንዳንዳቸው በ48፣ የ25 በ50፣ የ7 በ56፣ የ11 በ44፣ የ13 በ52 አንጓ። ድምሩ 298 ሆነ። ቅድም ከስሌቱ የወጣው «ከ298 አንዱ» የሚለው ቁጥርም 298 ነው። አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ቢሆንም ደብተሬ ላይ ሁለቱን አክብቤያቸዋለሁ።

የ4 እና የ3 ካቴና በአንድ ላይ መሠራት ይችል ነበር፤ በ12 የሚካፈለውን ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ካቴና ይበቃል። ስድስት ሆነው ሲታዩ ስለሚያምሩ ለያየኋቸው። ይህ ውሳኔ በኋላ አስቆጭቶኛል፣ ለብሩ ብቻም አይደለም።

ሐምሌ 15

ሁለተኛው ስህተት የባሰ ነው። የብስክሌት የኋላ ፒኞን ወደፊት ሲያዞሩት ይይዛል፣ ወደ ኋላ ሲያዞሩት ቅጭ ቅጭ እያለ ባዶውን ይሽከረከራል። ስድስቱን ዘንጉ ላይ ከሰካሁ በኋላ ለሙከራ ወደ ኋላ አዞርሁ። ስድስቱም የተለያየ ጥርስ ያህል ተንሸራተቱ። በእኅቴ የጥፍር ቀለም ያቀለምኋቸው የዜሮ ምልክቶች አንዱ ላይ አንዱ ታች ሆኑ። ይህ ማሽን የሚኖረው ስድስቱ አብረው በመሄዳቸው ነው።

ፒኞኖቹን መበየድ ነበረብኝ። በያጁ ወጣት «የሚሠራውን ልታበላሸው ነው ቲቸር» አለኝ፣ እውነቱን ነው። ከውስጥ ያሉት ትንንሽ ኩሽኔቶች ሲቃጠሉ የግራሶው ጭስ ግቢውን ሞላው። አሁን የዘንጉና የፒኞኑ ቀዳዳ አልተመጣጠነም፤ ይወዛወዛል።

ሐምሌ 18

ቀዳዳውን የሚያስተካክል ቶርኖ ያስፈልጋል። ከዚራ የሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አሉ፤ አባባ እንላቸዋለን። ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ ቶርኖ አለቻቸው። ስድስት የነሐስ ቀለበት ቀረጹልኝ፣ ልክክ ብሎ ገባ። ገንዘብ አልቀበልም አሉ፤ ግማሽ ኪሎ ቡና ይዤ ሄድሁ፣ 350 ብር።

በየካቴናው ታች አንድ አሮጌ ኩሽኔት አንጠልጥዬ ወጥሬዋለሁ። ፔዳሉን በእጅ ሲያዞሩት ስድስቱ አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይወጣሉ። ድምፁ ደስ ይላል።

ሐምሌ 20 እስከ 26

ሚስማር። 122 ሚስማር።

መጀመሪያ ያሰብሁት ትንንሽ የምስማር ቁራጭ በስታኞ አንጓው ላይ ማጣበቅ ነበር። አርባ ያህል አጣበቅሁ፤ በማግስቱ ሳዞረው እንደ በቆሎ ረገፉ። ካቴናው የሃያ ዓመት ግራሶ ጠጥቷል። በጋዝ አጥቤ ደገምሁት፣ ደግሞ ረገፈ። ጠንካራ ማጣበቂያም ሞከርሁ፤ ለሁለት ቀን ያዘ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ለሰለሰ።

መፍትሔው የጋሼ ነው። እያንዳንዱ አንጓ በራሱ ሚስማር የተያያዘ ነው፤ እሱኑ አውጥቶ ረዘም ባለ መተካት። ልኩ የሞተር ሳይክል ጎማን ከሚወጥሩት የብረት ሽቦዎች ጋር ይቀራረባል። አሥራ ስምንት ሽቦ በ250 ብር ገዝቼ ከእያንዳንዱ በሰጌቶ ሰባት ቁራጭ አወጣሁ። የቀድሞውን በካቴና መፍቻ መግፋት፣ አዲሱን በሞርሳ ጨምቆ ማስገባት፣ ጫፉን መሞረድ። አንዱ አራት ደቂቃ ይፈጃል። አውራ ጣቴ ቆስሏል።

የ11ዱን ካቴና ስሠራ አባባ ረዱኝ። ዝርዝሩን እርሳቸው ያነባሉ፣ እኔ አንጓውን ቆጥሬ ምልክት አደርጋለሁ። አባባ ሲቆጥሩ በፈረንሳይኛ ነው፤ የባቡሩ ዘመን ሰው ሁሉ እንዲያ ነው። እኔ እስከ ዲስ (አሥር) ድረስ አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ በግምት ነው። አላቋረጥኋቸውም። ነውር መሰለኝ።

ነሐሴ 1

ሽቦው ተዘረጋ። ማብሪያዎቹን የሠራሁት ከአሮጌ ሶኬት ካወጣሁት የነሐስ ላሜራ ነው፤ ሚስማሩ ሲያልፍ ላሜራውን ከጎን ይገፋዋል፣ ይነካካል። ስድስቱ ተከታትለው ከባለ 12 ቮልት የባጃጅ ባትሪና ከባጃጅ ክላክስ ጋር። ሁለቱንም ከጎረቤት ተውሼ ነው።

ስድስቱን በእጄ ገፍቼ ሞከርሁት፤ ክላክሱ ጮኸ፣ ላሜራዎቹም ብልጭ አሉ። ከሦስት ሙከራ በኋላ ሁለቱ ጫፋቸው ጠቁሮ መንካት አቆመ። ክላክስ ብዙ ጅረት ይስባል፣ ቀጭን ላሜራ አይችለውም። ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ በ180 ብር ሪሌ ገዛሁ፤ አሁን ላሜራዎቹ ሪሌውን ብቻ ያነቃሉ፣ ክላክሱን የሚሸከመው ሪሌው ነው።

ለቆጠራ የ200 ብር ካልኩሌተር ፈትቼ ከእኩል ይሆናል ቁልፉ ላይ ሁለት ሽቦ አወጣሁ። 92,824 ጽፌ 1 ከደመርሁ በኋላ ቁልፉ በተነካ ቁጥር አንድ አንድ ይጨምራል፤ ዘንጉ ላይ በየጥርሱ የሚነካ ሰባተኛ ላሜራ አለ። የሚታየው ቁጥር ራሱ ሀ ነው። በሰከንድ ከአምስት በላይ ካዞርሁ መዝለል ይጀምራል፤ ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው።

ነሐሴ 3

የመነሻ ቦታ፦ 92,825 በ4 ሲካፈል 1፣ በ3 ሲካፈል 2፣ በ25 ሲካፈል 0፣ በ7 ሲካፈል 5፣ በ11 ሲካፈል 7፣ በ13 ሲካፈል 5 ይተርፋል። እያንዳንዱን ካቴና እዚያው ላይ አስቀመጥሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ አንድ አንድ ጥርስ አዞርሁ።

ሰባተኛው ላይ ጮኸ። 92,832።

ልቤ ዘለለ። ካሬው 8,617,780,224 ነው፤ ቁጥሩ ሲቀነስ 1,319,425 ይተርፋል። የ1,148 ካሬ 1,317,904፣ የ1,149 ካሬ 1,320,201። መሃል ላይ ወደቀ። ካሬ አይደለም።

በአጋጣሚ ያለፈ ይሆናል ብዬ ለመተው አስቤ ነበር፤ ግን በእጄ ስፈትሸው 92,832 በ11 ሲካፈል 3 ይተርፈዋል። 3 ደግሞ የተከለከለ ነው፤ ማለፍ አልነበረበትም። የ11ዱን ካቴና አንድ በአንድ ቆጠርሁ። 15ኛው አንጓ ላይ መሆን የነበረበት ሚስማር 14ኛው ላይ ተተክሏል። በፈረንሳይኛ 14 ካቶርዝ ነው፣ 15 ካንዝ። አባባ ካንዝ ብለዋል፣ እኔ ካቶርዝ ሰምቻለሁ። አልነገርኋቸውም።

ሚስማሩን ነቅሎ ወደ ቦታው መመለስ አንድ ጠዋት ፈጀ፤ ሲወጣ የአንጓውን ጎን ሰነጠቀው፣ አንጓውንም መቀየር ነበረብኝ።

ነሐሴ 8

እንደገና ከ92,825። ሰባተኛው ላይ ጸጥ አለ፣ ጥሩ። በዝግታ ቀጠልሁ። ሦስተኛው ዙር እንዳለቀ ክላክሱ ጮኸና አላቆም አለ። ደንግጬ ፔዳሉን እስክይዘው ሁለት ጥርስ ያህል አልፏል፣ አሁንም ይጮኻል። ጎረቤታችን እትዬ ልጃቸው ባጃጁን ይዞ የመጣ መስሏቸው በር ሊከፍቱ ወጡ። የባትሪውን ሽቦ ነቅዬ ዝም አሰኘሁት።

ካልኩሌተሩ 92,882 ይላል። ካሬው ላይ ቁጥሩን ስቀንስ 10,605,125፤ ሙሉ ካሬ አይደለም። ከዚያም በላይ 92,882 በ4 አይካፈልም። የ4 ካቴና በዚህ ቦታ ላይ ሚስማር እንኳ የለውም! ስለዚህ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል፣ ኮንታክት ሠርቷል ማለት ነው። ደግሞም ገና ከ60 ጥርስ በታች ነው የሄድሁት፤ በአማካይ እንኳ ሦስት መቶ ያህል መሄድ ነበረበት።

ነሐሴ 9 እና 10

ሁለት ቀን ሽቦ ፍለጋ። ላሜራዎቹን በሙሉ ፈታሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፣ ከመቆሚያው ብረት በቆዳ ቁራጭ ለየኋቸው። በቴስተር አንድ በአንድ ለካሁ፤ የተነካካ ሽቦ አላገኘሁም። በሁለተኛው ቀን ማታ ሪሌውን ከፈትሁት። የውስጥ ጥርሱ በክላክሱ ጅረት ተቃጥሎ ተጣብቋል። አንዴ ከነቃ አይለቅም ነበር። ሌላ ሪሌ፣ ሌላ 180 ብር፤ ይህኛው የመኪና ነው፣ ወፍራም።

ጥፋቱ ተገኘ ብዬ ተደስቼ ተኛሁ። የተጣበቀ ሪሌ መጀመሪያ የሚያነቃው ነገር እንደሚያስፈልገው አላሰብሁም።

ነሐሴ 11

ሦስተኛ ሙከራ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። የእኅቴ ልጅ ካልኩሌተሩን ይዛ ጮክ ብላ ታነባለች። 92,878፣ 92,879፣ 92,880፤ ጮኸ። አንድ ጥርስ ጨመርሁ፣ ዝም አለ።

«አጎቴ፣ ያው ቦታ ነው» አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ባለፈው ሁለት ጥርስ አልፌ ነበር፤ 92,882 ሲቀነስ 2። ተቀምጬ አሰላሁ። የ92,880 ካሬ 8,626,694,400። ሲቀነስ 8,616,460,799። የተረፈው 10,233,601። የ3,200 ካሬ 10,240,000 ስለሆነ 3,199ን ሞከርሁ፦ 10,233,601። ልክ።

92,880 ሲቀነስ 3,199፣ 89,681። 92,880 ሲደመር 3,199፣ 96,079።

8,616,460,799 = 89,681 × 96,079።

ነሐሴ 8 ማሽኑ ነግሮኝ ነበር። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ሳስተባብለው ከረምሁ።

ነሐሴ 13

የእኅቴ ልጅ ሁለቱ ቁጥሮች ብቸኛ ቁጥሮች (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በእኩል የሚከፍላቸው የሌለ) መሆናቸውን አረጋግጣለች። ለ89,681 እስከ 299 ያሉትን 62 ብቸኛ ቁጥሮች፣ ለ96,079 ደግሞ 307ን ጨምራ 63። አንድም በእኩል አልከፈላቸውም። ለ125 ማካፈል 100 ብር ጠይቃ ተቀብላለች። ስለዚህ የጄቮንስ ቁጥር አራት አካፋዮች ብቻ አሉት፦ 1፣ ሁለቱ፣ ራሱ። ድምራቸው 8,616,646,560።

አሁን ወደሚያናድደው ነገር። ከ92,825 እስከ 92,880 ድረስ 55 እርምጃ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ በ12 የሚካፈሉት አምስት ናቸው፦ 92,832፣ 92,844፣ 92,856፣ 92,868 እና 92,880። የ4 እና የ3 ወንፊት ብቻውን፣ በእርሳስ፣ አምስት ማባዛት። አንድ ስኒ ቡና ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ሐምሌ 12 ሁለቱን ካቴና በአንድ ላይ ብሠራ ኖሮ በ48ቱ አንጓ ላይ አራት ሚስማር ብቻ ስተክል፣ እንግዲህ ከሃምሳ ስድስቱ ቁጥር የሚቀረው ስንት ነው ብዬ መቁጠሬ አይቀርም ነበር። አራቱ ሌሎች ካቴናዎች፣ 94ቱ ሚስማሮች፣ የቆሰለው አውራ ጣት፣ ሁሉም ትርፍ ነበር።

ተራውን መንገድ የሄደ ሰው፣ ማለት ከ3 ጀምሮ በብቸኛ ቁጥሮች እያካፈለ የመጣ፣ 89,681 ላይ እስኪደርስ ከ8,000 በላይ ጊዜ ያካፍላል። ጄቮንስ ያሰበው ይህን ይመስለኛል። ያላሰበው ሁለቱን ቁጥሮች ምን ያህል አቀራርቦ እንደመረጠ ነው፤ የሚራራቁት በ6,398 ብቻ ነው። ለአሥር አሃዝ ቁጥር ይህ ጎረቤት ነው። ዛሬ የምስጢር ቁልፍ የሚያዘጋጁ ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች እንዳይቀራረቡ የሚጠነቀቁት ለዚሁ ነው። ሰውየው ራሱ እንደ ፒያኖ ቁልፍ ያለው የሎጂክ ማሽን የሠራ፣ ከእኔ ይልቅ ለማሽን የቀረበ ሰው ነበር። አልፈርድበትም። እኔስ ምን አደረግሁ? ትልቅ ሰው ከባድ ነው ስላለ ብቻ ሳልመዝን አምኜ፣ አምስት ሳምንት ብረት ስቆርጥ ከረምሁ።

ጠቅላላ ወጪ፦ ካቴና 600፣ ፒኞን 900፣ ዘንግና ኩሽኔት 550፣ መቆሚያ 1,100፣ ሽቦ 250፣ ሁለት ሪሌ 360፣ ካልኩሌተር 200፣ ቡና 350። 4,310 ብር። የማካፈሉን 100 ብር አልቆጠርሁትም፣ የቤተሰብ ነው።

ጋሼ ሊያዩት መጡ። አዞርሁላቸው፣ 92,880 ላይ ጮኸ። ደግመው አስዞሩኝ።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው ጋሼ።»

«ሦስት ዙር?»

«ሦስት ዙር ከአንድ ጥርስ።»

ዝም አሉ። ከዚያ ባለ 18 ጥርስ ፒኞን የሚፈልግ ደንበኛ እንደመጣ ነገሩኝ። መበየዱን አሳየኋቸው። የሁለቱን ዋጋ እንደ አዲስ እከፍላለሁ ብያለሁ፤ እስካሁን ስንት እንደሆነ አልነገሩኝም።

ነሐሴ 20

ማሽኑን ማፍረስ አልቻልሁም። ሥራ ፈልጌለታለሁ።

የእኅቴ ልጅ ባለ አምስት አሃዝ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች በምስጢር መርጣ አባዝታ ሰጠችኝ። ያስጠነቀቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዳታቀራርቢያቸው። ቁጥሩ 877,778,117 ነው። ከጄቮንስ በአንድ አሃዝ ያንሳል።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ ሒሳቡን ሠራሁ። ስኩዌር ሩቱ ከ29,627 ትንሽ ስለሚበልጥ መነሻው 29,628። ይህም እንደ ጄቮንሱ በ3 ሲካፈል 2 ይተርፈዋል፣ ስለዚህ የ3 ካቴና እንዳለ ያገለግላል። በ4 ሲካፈል ግን 1 ስለሚተርፈው ሀ ጎዶሎ የሆነ ሁሉ ያልፋል፤ ከአራቱ አንዱ የነበረው ከሁለት አንዱ ሆነ። በ25 ፈንታ በ5 ማየት ይበቃል፣ 1 እና 4 ብቻ። በ7፦ 0፣ 1፣ 6። በ11፦ 0፣ 1፣ 4፣ 7፣ 10። በ13፦ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 10፣ 11። በአማካይ ከ167 እርምጃ አንዴ ይጮኻል ማለት ነው። በእርሳስ የሚጨረስ አይመስልም፤ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ አምስት መቶ ቁጥሮች ውስጥ በእርሳስ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከአምስቱ ካቴናዎች ላይ ሚስማር መንቀል ጀምሬያለሁ። ዝርዝሩን ራሴ አነባለሁ፣ በአማርኛ።

ጳጉሜ 2

ማዞር ከተጀመረ ሦስት ቀን። ቆጣሪው 33,840 ላይ ነው። በጮኸ ቁጥር አስልቼ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ እስካሁን ሁሉም ባዶ። የእኅቴ ልጅ በየማታው መጥታ ቁጥሩን ታይና ምንም ሳትናገር ትሄዳለች። እትዬ ክላክሱን በትንሽ አምፖል እንድቀይረው ጠይቀውኛል፤ ነገ ጠዋት እቀይረዋለሁ።